ሻህሪሳብዝ፦ ሕንፃዎቹ ቆመው ከተማዋ የፈረሰችበት ጉዳይ

## መነሻ

ሻህሪሳብዝ የደረሰ ጎብኚ መጀመሪያ የሚሰማት ወሬ ይቺ ናት። ቲሙር ትልቁን ቤተ መንግሥቱን ሲያሠራ በግንቡ ላይ «ሱልጣን የአላህ ጥላ ነው» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ባለሙያው በአንዱ ግንብ ላይ በትክክል ጻፈ። በሌላው ላይ ግን ቦታ አለቀበትና «ሱልጣን ጥላ ነው» ብሎ አቆመ። ቲሙር ይህን ሲያይ ሰውየውን ከግንቡ አናት አስወረወረው። አስጎብኚው ይህን ሲያወራ እንግዳው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ጽሑፉን ይፈልጋል። ተረት ነው፤ ግን ጥሩ ተረት ነው።

እኔ የምጽፈው ስለ ግንቡ አይደለም። ግንቡ ደህና ነው። የምጽፈው ከግንቡ ሥር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይዘረጋ ስለነበረው ሰፈር ነው። ከ2014 ጀምሮ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የዚህች ጥንታዊ ከተማ እምብርት ፈርሶ መናፈሻ ሆነ። ጦርነት አልነበረም። የመሬት መንቀጥቀጥም አልነበረም። ከተማዋን ለማሳመርና ቱሪስት ለመሳብ የወጣ ዕቅድ ነበር።

ጉዳዩ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ክፉ ሰው ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በጀት ነበረ፣ ፍላጎት ነበረ፣ ሥራውም በፍጥነት ተሠራ። ውጤቱ ግን ዕቅዱ እጠብቀዋለሁ ያለውን ነገር በላው።

ሁለት ማሳሰቢያ ልስጥ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በጉዳዩ የተሳተፉ ባለሥልጣናትን፣ ባለሙያዎችንና ነዋሪዎችን በስም አልጠራም። ስማቸውን የጠራሁት ሰዎች ሁሉ ከሞቱ ቢያንስ አራት መቶ ዓመት አልፏቸዋል።

## ከተማዋ

ሻህሪሳብዝ በደቡብ ኡዝቤኪስታን፣ ከሳማርካንድ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ተራራ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣና በታህታካራቻ ማለፊያ በኩል ወደ ለምለም ሸለቆ ይወርዳል። ከሳማርካንድ የሚመጣ ቱሪስት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ይመለሳል። ይህችን ነገር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የድሮ ስሟ ኬሽ ነው። ሶግዲያውያን የሚባሉት ነጋዴዎች አገር ነበረች። በ7ኛው መቶ ዘመን ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ወደ ህንድ ሲጓዝ በዚህ በኩል አልፏል። መንግሥት በ2002 የከተማዋን 2700ኛ ዓመት በድግስ አክብሯል። ዩኔስኮ ትንሽ ቁጥብ ነው፤ ከ2000 ዓመት በላይ ይላል።

ሻህሪሳብዝ የሚለው የአሁኑ ስም ፋርስኛ ነው። ሻህር ከተማ ነው፣ ሳብዝ አረንጓዴ። በኋላ በህንድ የሙጋልን መንግሥት የመሠረተው ባቡር በማስታወሻው ስለዚህ ስም ጽፏል። እንደ እሱ አባባል በጸደይ ሜዳው ብቻ ሳይሆን የቤቱ ጣሪያና ግድግዳው ሳይቀር አረንጓዴ ስለሚለብስ ነው ስሙ የወጣላት። ጣሪያ አረንጓዴ የሚለብሰው ከጭቃ ሲሠራ ነው። እንግዲህ ከተማዋን ስሟን ያሰጣት እብነ በረድ ወይም ወርቅ ሳይሆን ሣር ያበቀለ የጭቃ ጣሪያ ነው ማለት ነው። ይህችም ዝርዝር ለታሪካችን ትጠቅማለች።

ቲሙር፣ ፈረንጆቹ ታሜርሌን የሚሉት፣ በ1336 ከከተማዋ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ። ዛሬ በኡዝቤኪስታን ሦስት ታዋቂ ሐውልቶች አሉት። ታሽከንት ላይ ፈረስ ላይ ነው። ሳማርካንድ ላይ ተቀምጧል። ሻህሪሳብዝ ላይ ቆሟል። ሙሽሮች እግሩ ሥር ፎቶ ይነሣሉ።

ሐውልቱ የቆመው አክ ሳራይ በሚባለው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። አክ ሳራይ ማለት ነጭ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሲያዩት ግን ሰማያዊ ነው። ግንባታው በ1380 ተጀመረ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቲሙር ኾሬዝም የሚባለውን አገር ድል አድርጎ ባለ እጆቿን ማርኮ አምጥቶ ነበር። ሥራውን የሠሩት እነሱ ናቸው። የስፔኗ ካስቲል መልእክተኛ ክላቪሆ በ1404 ሲያልፍ ሥራው ሃያ ዓመት ቆይቶ ገና አላለቀም ነበር። ቲሙር በዓመቱ ሞተ።

ዛሬ የቀረው የበሩ ሁለት ግንብ ነው። ቁመታቸው 38 ሜትር ነው፤ አሥራ ሁለት ፎቅ ያህል በሉት። በመካከላቸው 22 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቅስት ነበረ፤ ወድቋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግንቡ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ሸክላ የተለበጠ ነው፤ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ አልፎ አልፎ ወርቅማ። ከሩቅ የሐረግ ጌጥ የሚመስለው ሲጠጉት ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። ከጽሑፎቹ በአንዱ ከታብሪዝ የመጣ ባለሙያ ስሙን አስቀምጧል። የንጉሡን ስም በተሸከመ ግንብ ላይ የራስን ስም መጻፍ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ሌላው የት ገባ ያልን እንደሆነ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቡኻራው ገዢ ዳግማዊ አብዱላህ ኻን አፈረሰው ይባላል። ወሬው እንዲህ ነው፦ ከተራራው ላይ ግንቡን አየና ቅርብ መሰለው። ፈረሱን ኮለኮለ፣ ኮለኮለ፣ አልደረስም አለ። ፈረሱ ከሥሩ ወድቆ ሞተ። ተናደደና አስፈረሰው። የአካባቢው ሰው ታዲያ ይህን የሚያወራው ከቁጭት ይልቅ በኩራት ነው።

ከአክ ሳራይ ወደ ደቡብ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሌሎቹ ሕንፃዎች አሉ። የቲሙር የበኩር ልጅ ጃሃንጊር መቃብር አለ። አጠገቡ ቲሙር ለራሱ ያዘጋጀው የምድር ቤት መቃብር አለ፤ ባዶ ነው። በ1405 ክረምት ሲሞት በረዶ የተራራውን መንገድ ስለዘጋው ሳማርካንድ ተቀበረ ይባላል። ወረድ ብሎ የልጅ ልጁ ኡሉግ ቤግ በ1435 ያሠራው ኮክ ጉምባዝ መስጊድ አለ፤ ሰማያዊ ጉልላት ማለት ነው።

## መዝገቡ ላይ የሰፈረው ምን ነበር?

ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከተማዋ በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። የተመዘገበው ስም «የሻህሪሳብዝ ታሪካዊ ማዕከል» ነው። አክ ሳራይ ብቻውን አልተመዘገበም። ኮክ ጉምባዝ ብቻውን አልተመዘገበም። የተከለለው 240 ሄክታር ነው፤ የድሮው ከተማ በሞላ ማለት ነው። ለምዝገባው የቀረበው ምክንያት ትልልቆቹን ሕንፃዎችና ጥንታዊ ሰፈሮቹን አንድ ላይ ያየ ነበር። ሁለቱ ተደጋግፈው ነው ዋጋ ያገኙት።

ሰፈሩ በአገሩ ቋንቋ ማሃላ ይባላል። ከመንገድ ላይ የሚታየው ነገር የለውም። ወደ ጠባቧ መንገድ የዞረ መስኮት አልባ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ አንዲት የእንጨት በር ብቻ። ውበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው። በሩን ሲያልፉ ግቢ ይገጥምዎታል። በእንጨት ማገር የተያዘ የጭቃ ጡብ ቤት፣ የተቀረጸ ምሰሶ ያለው ደጀ ሰላም መሳይ በረንዳ፣ የወይን ሐረግ ዳስ፣ በዳሱ ሥር ሻይ የሚጠጣበት ሰፊ የእንጨት አልጋ። ሴቶቹ እዚያ ተቀምጠው ይጠልፋሉ። የሻህሪሳብዝ ጥልፍ በመካከለኛው እስያ ስም ያለው ነው፤ ሱዛኒ የሚባለው የግድግዳ ጨርቅና የራስ ቆብ። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

ሐረር ጁገልን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጁገል በ2006 የተመዘገበችው አምስቱ በሮቿ ስለሚያምሩ ብቻ አይደለም። ከግንቡ ውስጥ ያለው ቤትና ጠባቡ መንገድ፣ የሚኖረውም ሰው አንድ ላይ ስለሆነ ነው። ሻህሪሳብዝም እንደዚያው ነበረች።

## ችግሩ

በ2014 መንግሥት ከተማዋን መልሶ የመገንባት ፕሮግራም አወጣ። ዓላማው ለሰሚው የሚያስከፋ አልነበረም። መንገድ ይስፋ፣ መሠረተ ልማት ይግባ፣ ሆቴል ይሠራ፣ ታሪካዊ ሕንፃዎቹ ከሩቅ ይታዩ።

ለዕቅዱ ፍትሕ ልስጥ። አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ መኖር ለፎቶ እንጂ ለኑሮ ምቹ አይደለም። ክረምቱ ይበርዳል፣ ጣሪያው በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል፣ ወደ ጠባብ መንገድ የፍሳሽ ቱቦ ማስገባት ጣጣ ነው። «ይህን አሮጌ ነገር ይዘን እስከ መቼ?» የሚል ነዋሪ ቢኖር አይገርመኝም። ከተማ መለወጥ የለበትም የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያ የማይኖር ሰው ነው።

ግን የተደረገው ጥገና አልነበረም። በሕንፃዎቹ መካከል የነበረው የማሃላ ክፍል ተነሣ። ነዋሪዎቹ እኛ የልማት ተነሺ የምንለው ዕጣ ገጠማቸው። በቦታው ሣር ተተከለ፣ ሰፊ ንጣፍ መንገድ ተዘረጋ፣ ፏፏቴ ቆመ፣ በዳር በዳሩ አዳዲስ ሱቆችና ሆቴሎች ተሠሩ። ከአክ ሳራይ እስከ ኮክ ጉምባዝ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር አሁን ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

የጠፋው ቤት ብቻ አይደለም። የቲሙር ዘመን ከተማ ቅርጽ ነበራት። በቅጥር የተከበበች፣ መሃሏ ላይ ጎዳናዎች የሚገናኙባት፣ መገናኛው ላይ ቾርሱ የሚባል በጉልላት የተሸፈነ ገበያ ያላት። ቾርሱ ማለት እንደ እኛ አራት መንገድ ነው። መንገዱን የሚሠራው ግራና ቀኝ ያለው ቤት ነው። ቤቱ ሲነሣ መንገዱም የለም። የገበያው ሕንፃ ግን አሁንም አለ፤ ሜዳ ላይ።

እዚህ ላይ ደረቅ ቴክኒክ የሚመስል ነገር ልጨምር። ሣር ውሃ ይጠጣል። የድሮ ጡብ ደግሞ ውሃ ከሥሩ ከሳበ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ጨው ሲደርቅ ጡቡንም ሸክላውንም እየፈነቀለ ይጥላል። በዚያ ደረቅ አገር ታሪካዊ ሕንፃን በመስኖ ሣር መክበብ ለዓይን እንጂ ለሕንፃው አይበጅም።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

የዓለም ቅርስ ስምምነት አንድ አሠራር አለው። አንድ አገር በተመዘገበ ቦታ ላይ ትልቅ ሥራ ሲያስብ፣ ወደኋላ የማይመለስ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ያሳውቃል። ከዚያ የሥራው ተጽዕኖ ይጠናል። ሻህሪሳብዝ ላይ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ ፈረሰ፣ ከዚያ ተጠየቀ።

በመጋቢት 2016 ባለሙያዎች ተልከው ቦታውን አዩ። በሐምሌ 2016 ኮሚቴው ኢስታንቡል ላይ ተሰብስቦ ከተማዋን በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባት። ምክንያቱ በግልጽ ተነገረ፦ የቱሪዝም መሠረተ ልማት ከልክ አለፈ፣ የመካከለኛው ዘመን ሰፈሮች ቤቶች ፈረሱ፣ የከተማዋ መልክ ላይ የማይመለስ ለውጥ ደረሰ። ስብሰባው ራሱ ሳያልቅ ቱርክ ውስጥ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተነሥቶ ተቋረጠ። የሻህሪሳብዝ ውሳኔ ግን ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አልቆ ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሌላ ቡድን ሄደ። ጥያቄው አሁን ከበድ ያለ ነበር። ጉዳቱ ምን ያህል ነው? የሚመለስ ነገር አለ? ከሌለስ ከተማዋ የዓለም ቅርስ ሆና ትቀጥላለች?

ከዚያ በኋላ የተነሡት አማራጮች በግምት ሦስት ናቸው። አንዱ መሰረዝ ነው። ይህ ብርቅ ነገር ነው፤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ የተሰረዙት ሦስት ናቸው፦ የኦማን የኦሪክስ መጠለያ በ2007፣ የጀርመኑ ድሬስደን ሸለቆ በ2009፣ የእንግሊዙ ሊቨርፑል በ2021። ሁለተኛው የጠፋውን በተቻለ መጠን መመለስ ነው። ሦስተኛው ክልሉን ማጥበብ ነው፤ የቀሩትን ሕንፃዎችና የቀሩትን ማሃላዎች ብቻ ይዞ በአዲስ ወሰን መቀጠል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በ2017 ክራኮቭ በተደረገው ስብሰባ ሻህሪሳብዝ በአደጋው መዝገብ ላይ ስትቀር፣ የኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዚያው መዝገብ ወጣ። ሰሜን በ1996 ገብቶ ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶበታል። የወጣው አማራጭ መንገድ ስለተሠራ፣ ልቅ ግጦሽ ስለቀነሰ፣ የዋልያው ቁጥር ስለተረጋጋ ነው። ከፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሰሜን ላይ የሰው መነሣት የመፍትሔው አካል ሆኖ ተቆጠረ፤ ሻህሪሳብዝ ላይ የሰው መነሣት ጉዳቱ ራሱ ነው። ለተነሣው ሰው ግን ሁለቱም መነሣት ነው።

## የሠራውና ያልሠራው

በአደጋ መዝገብ መግባቱ አንድ ነገር ሠርቷል። ጉዳዩን ከአካባቢ አስተዳደር ጠረጴዛ አውጥቶ የአገር ጉዳይ አደረገው። የማንም ዓይን ያልነበረበት የቀረው ማሃላም ዋጋ አገኘ። ክልሉ ይጠብብ ከተባለ ትልቁ መከራከሪያ እሱ ነውና።

ትልልቆቹ ሕንፃዎችም አሉ። ይህን እንደ ቀላል ማየት አይገባም። አክ ሳራይን ዛሬ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ የታብሪዙ ሰውዬ ስም አሁንም እዚያው ነው።

ያልሠራው ጊዜው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮሚቴው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ቡልዶዘር በየቀኑ ይሠራል። ባለሙያ ተልኮ፣ ሪፖርት ጽፎ፣ ሪፖርቱ ተተርጉሞ፣ ስብሰባ እስኪደርስ ሰፈሩ ሄዷል። ዩኔስኮ ፖሊስ የለውም። ያለው ስም መስጠትና ስም መንሳት ነው።

ሌላው ያልሠራው ቱሪዝሙ ራሱ ነው። እዚህ ላይ የምናገረው የራሴ አስተያየት ነው። ሻህሪሳብዝ የቀን ጉዞ ከተማ ነበረች፤ እንግዳው እንዲያድር የሚያደርግ ምክንያት ያስፈልጋት ነበር። የሚያሳድረው ደግሞ ሣርና ፏፏቴ አይደለም። ሣርና ፏፏቴ በየአገሩ አለ። ከግንቡ ወጥቶ ወደ መስጊዱ ሲሄድ መንገድ ቢጠፋው፣ በር ገርበብ ብሎ የጥልፍ ሥራ ቢያይ፣ ሻይ ቢቀርብለት፣ ያኔ ቀኑ ይመሽበታል። አሁን አንድ ኪሎ ሜትሩን በፀሐይ ተራምዶ ሕንፃዎቹን አይቶ ወደ መኪናው ይመለሳል።

አማራጭ አልነበረም እንዳይባል እዚያው አገር አማራጩ አለ። ቡኻራ በ1993 ተመዝግባለች። እዚያ ላቢ ሃውዝ በሚባለው ኩሬ ዙሪያ የድሮ ነጋዴዎች ቤቶች ትንንሽ ማረፊያዎች ሆነዋል። ግቢው የቁርስ ቦታ ሆነ፣ በረንዳው እንግዳ መቀበያ። ቱቦም ገባ፣ መብራትም ገባ። ሁሉም ነገር አምሮ ተሠርቷል አልልም፤ አንዳንዱ ጥገና ዓይን ያማል። ግን ቤቱ አለ። የተበላሸ ጥገና ነገ ሊታረም ይችላል።

## ከዚህ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ትምህርቶች

የመጀመሪያው ትምህርት የማይመስል ቀላል ነገር ነው። የተመዘገበው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉትና ዕቅድ አውጪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሻህሪሳብዝ ላይ «ሕንፃዎቹን አልነካንም» የሚል መልስ ቢሰጥ ውሸት አይሆንም። ግን መልሱ የተጠየቀውን አይመልስም። ቅርሱ የሕንፃዎች ዝርዝር አልነበረም።

ሁለተኛው፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት ሥራዎቹን ለሁለት ክፈሉ፦ የሚመለስና የማይመለስ። ሣር መትከል ይመለሳል። ንጣፍ ድንጋይ ይነሣል። ኪዮስክ ቢያስጠላ በአንድ ቀን ይፈርሳል። የ150 ዓመት የጭቃ ቤት ከፈረሰ ግን አዲሱ ቤት ምንም ቢመስለው የዚያ ቤት ዘመድ እንጂ ያ ቤት አይሆንም። የማይመለሰውን ሁልጊዜ ወደ መጨረሻ ግፉት። ገንዘብ ሊያልቅ ይችላል፣ መንግሥት ሊለወጥ ይችላል፣ ሐሳብ ሊቀየር ይችላል። በሻህሪሳብዝ ጉዳይ አገሪቱን ለሃያ አምስት ዓመት የመሩት ፕሬዚዳንት ከኢስታንቡሉ ውሳኔ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞቱ። አዲሱ አመራር የተረከበው ባዶውን ሜዳ ነው።

ሦስተኛው፣ ሳይቆጠር አይነካ። እያንዳንዱ ቤት ይለካ፣ በሩና ምሰሶው ፎቶ ይነሣ፣ ማን ይኖርበታል፣ በግቢው ምን ሙያ ይሠራል የሚለው ይጻፍ። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ አንድ ካሜራና አንድ ሜትር ያላቸው ጥቂት ተማሪዎች የሚሠሩት ነገር ነው። ይህ ከሌለ በኋላ «የጠፋውን መልሱ» ሲባል ምን እንደጠፋ እንኳ በትክክል ማሳየት አይቻልም።

አራተኛው ስለ ቱቦ ነው። ቀልዴን አይደለም። የአሮጌ ሰፈር ትልቁ ጠላት ብዙውን ጊዜ ቡልዶዘር አይደለም፤ የሽንት ቤትና የውሃ ችግር ነው። ነዋሪው ምቾት ሲያጣ ቤቱን የሚከላከልለት ጠበቃ አይኖረውም። የፍሳሽ መስመር፣ የጣሪያ ጥገና ብድር፣ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ፤ የቅርስ ጥበቃ በጀት ከሸክላ በፊት እዚህ ላይ ቢጀምር ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር።

አምስተኛው፣ የአደጋ መዝገብን እንደ ቅጣት ማየት ጎጂ ነው። አንድ አገር ስሙ እንዳይነሣ ሲል ዝም ካለ፣ ኮሚቴው የሚሰማው ከሦስተኛ ወገን ነው፤ የሚሰማውም ከረፈደ ነው። ሰሜን ተራሮች ከመዝገቡ የወጣው ችግሩ በስሙ ተጠርቶ ሥራ ስለተሠራበት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ረጅም ነው፤ ግን ዋልያው በሕይወት ስለነበረ መቆጠር ቻለ። ሻህሪሳብዝ ላይ የሚቆጠረው የቀረው ነው።

## አሁን ያለችበት

ከተማዋ እስካሁን በዓለም ቅርስነቷም በአደጋ መዝገቡም ላይ አለች። በ2025 ኮሚቴው ፓሪስ ላይ ሲሰበሰብ ሦስት ቦታዎች ከአደጋ መዝገቡ ወጡ፦ የማዳጋስካር ዝናባማ ደኖች፣ የግብፁ አቡ ሚና፣ የሊቢያው ጋዳሜስ። ጋዳሜስ የበረሃ ከተማ ነው፤ በጭቃ ጡብ የተሠራ፣ ጠባብ መንገዱ የተሸፈነ። ጦርነት አልፎበት፣ ዝናብና እሳት ጎድቶት፣ ተጠግኖ ወጣ። ሻህሪሳብዝ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም። የቀሩት ማሃላዎች ከአዲሶቹ ሱቆች ጀርባ ናቸው፤ ከዋናው መናፈሻ ላይ ቆሞ ለሚያይ አይታዩም።